የታመነ ስፍራ

አንድ ዕቃ እንዳይወድቅ ሆኖ መሰቀሉን ለመግለጽ አማርኛ «አስተማማኝ» ይላል። ቃሉ «አመነ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን «እምነት»፣ «አማኝ»፣ «ታማኝ» እና በጸሎት መዝጊያ የሚባለው «አሜን» ሁሉ ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ዓረብኛውም ከተመሳሳዩ ሥር ኢማንን ማለትም ሃይማኖታዊ እምነትን፣ አማናን ማለትም አደራን፣ አማንን ማለትም ከስጋት ነፃ መሆንን ያወጣል። በዕብራይስጥ ደግሞ የሥሩ ስሜት ከአእምሮ ስምምነት ይልቅ ወደ ጽናት ያዘነብላል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 17 እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ አሮንና ሖር የሙሴን እጆች ግራና ቀኝ ደግፈው ፀሐይ እስክትገባ ያቆዩ ሲሆን፣ የዕብራይስጡ ጽሑፍ የእጆቹን አለመውረድ የገለጸው በሌላ ቦታ «እምነት» ወይም «ታማኝነት» ተብሎ በሚተረጎመው ኤሙና በተባለው ቃል ነው። ማመን ማለት አንድን ቃል እውነት ነው ብሎ መቀበል ብቻ ሳይሆን ሸክም ይዞ አለመውረድም ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በአፋር ክልል፣ በአዋሽ ወይም በሰመራ፣ አንድ ቴሌቪዥን በጂፕሰም ግድግዳ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ ይሰቀል ዘንድ ምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ከእጅ ሙያ ጥያቄነቱ ሳይወጣ የሃይማኖት ፍልስፍና ጥያቄም ይሆናል። ቴሌቪዥን ስለሚያሳየው ምስል የየሃይማኖቱ መምህራን ብዙ ተናግረዋል፤ ምስሉን አንጠልጥሎ ስለያዘው ብሎን ግን የተናገረ ጥቂት ነው።

ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የረጋ የጂፕሰም ንጣፍ ሲሆን፣ ለግድግዳ የሚውለው ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 12.5 ሚሊ ሜትር ነው። ራሱን ችሎ አይቆምም፤ በ40 ወይም በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከቆሙ ቀጫጭን የብረት ቋሚዎች ጋር በብሎን ይያያዛል፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ባዶ አየር ነው። ጂፕሰም በኬሚስቶች አነጋገር ውሃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ስለሆነ እሳት ሲነካው ውሃውን እየለቀቀ ቃጠሎውን ያዘገያል፣ ከውጭ የሚመጣ ርጥበት ሲበዛበት ግን ይላሽቃል። አፋር ለዚህ ማዕድን ባዳ አይደለችም፤ ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረው የዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ ሲደርቅ ከጨው ጋር ጂፕሰም ትቶ ሄዷል። በሰመራ አንዱን ቢሮ ከሌላው የሚከፍለው ነጭ ግድግዳ፣ ከየትም ተጭኖ ይምጣ፣ በባሕርዩ የተነነ ባሕር አተላ ዘመድ ነው። ሰመራ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማነትን ከአሳይታ ከተረከበች ወዲህ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያነቷ ላይ የጭነት መኪናዎችን ጎዳና ከጨመረች ወዲህ፣ የግንበኛውና የሰቃዩ እጅ ይበልጥ የለመደው ብሎኬትን ነው። ብሎኬት ሲሰረሰር የገባበትን ፊሸር፣ ማለትም ብሎን የሚነክስበትን የፕላስቲክ ቡሽ፣ ዙሪያውን ጨምቆ ይይዛል፤ ጂፕሰሙ ግን ይፈረፈራል። ቀለም ከተቀቡ በኋላ ሁለቱ በዓይን አይለዩም። «ውስጡን ለቄስ» የሚለው ፈሊጥ ለዚህ ዓይነቱ ግድግዳ የተበጀ ይመስላል፤ ልዩነቱ የግድግዳውን ኑዛዜ የሚቀበለው ቄሱ ሳይሆን ድሪል የያዘው ሠራተኛ መሆኑ ነው።

ስለ ማንጠልጠልና ስለ መውደቅ ከተናገሩት ጥንታውያን ጽሑፎች መካከል ለዚህ ጉዳይ የትንቢተ ኢሳይያስን ምዕራፍ 22 ያህል የሚቀርብ አይገኝም። በይሁዳ ንጉሥ በሕዝቅያስ ዘመን፣ ማለትም በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ሳምናስ እንደሚሻርና ኤልያቄም እንደሚተካው ነቢዩ ሲናገር አዲሱን ሹም በታመነ ስፍራ በተተከለ ችንካር ይመስለዋል። እዚህ ላይ «የታመነ» የተባለው የዕብራይስጥ ቃል ከ«አሜን» ሥር የወጣው ነው። የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ችንካሩን ትቶ በምትኩ «አለቃ» ሲል፣ የታመነውን ስፍራ ግን አልተወም፤ ተርጓሚዎቹ ብረቱን ሊያጡት ይችሉ ነበር እንጂ ስፍራውን ሊያጡት አልፈለጉም ቢባል ምናልባት ከልክ ያለፈ አይሆንም። ከዚያ ነቢዩ የአባቱ ቤት ወገን ሁሉ በዚህ ችንካር ላይ እንደሚንጠለጠል፣ ትንሹም ዕቃ ሁሉ ከጽዋ እስከ ማድጋ እንደሚሰቀልበት ይዘረዝርና፣ በቁጥር 25 ላይ ያው በታመነ ስፍራ የተተከለው ችንካር እንደሚነቀል፣ ተሰብሮም እንደሚወድቅ፣ በላዩ የነበረውም ሸክም እንደሚጠፋ ይናገራል። ይህ የመጨረሻ ቃል ስለ ኤልያቄም ነው ወይስ ወደ ሳምናስ ተመልሶ ነው በሚለው ላይ ተርጓሚዎች ተለያይተዋል። ክርክሩ ግን አንድ ግልጽ ነገር ይጋርዳል፤ ነቢዩ ችንካሩ ደካማ ነበረ፣ ስፍራውም የማይታመን ነበረ አላለም፤ በመትከሉና በመውደቁ መካከል ያስቀመጠው ነገር ቢኖር የዕቃዎች ዝርዝር ነው። የታመነ ስፍራ ማለት እንግዲህ ለተወሰነ ክብደት የታመነ ስፍራ ማለት ነው፤ መጠን የሌለው መታመን በግድግዳም በሹምም ላይ የለም። በቁርኣንም፣ በ33ኛው ሱራ 72ኛ አንቀጽ፣ አማና ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች ቀርቦ መሸከሙን እንደፈሩና እምቢ እንዳሉ፣ ሰው ግን እንደተሸከመው ተነግሮ፣ ወዲያው ይኸው ሰው በደለኛና መሃይም ተብሏል። ተራራ አቅሙን አውቆ እምቢ አለ፤ ሰው ግን መለያውን ሳያነብ ተሸከመ።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ስፍራው የታመነ መሆኑ እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የዜና ልውውጥ ሥርዓት እዚህ ላይ ከፍልስፍና መጻሕፍት ያላነሰ ይረዳል። በዳጉ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ገበያው በተራ ይጠያየቃሉ፤ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው መለየት ይጠበቅበታል፤ ሐሰት ያወራ ሰው በቀላሉ አይታለፍም፤ ዜናው አደራ ነውና። ቴሌቪዥን በዚህ ረገድ ከዳጉ በታች መቀመጡን ልብ ማለት ይቻላል፣ ተመልካቹ ተናጋሪውን መልሶ የት አየኸው ብሎ ሊጠይቀው አይችልምና፤ ይሁንና ይህ የምስሉ ነገር ስለሆነ እዚህ ይቆይ። ግድግዳውም በዳጉ ሥርዓት ሊጠየቅ ይገባዋል። ሠራተኛው በጣቱ ሲያንኳኳ ባዶው ስፍራ ከበሮ ያሰማል፣ ቋሚው ያለበት ግን ድምፁ ይደፈናል፤ ይህ የተሰማ ወሬ ነው። ማግኔት ሲያስጠጋ ቦርዱን ከቋሚው ጋር ያያያዙት ብሎኖች ይስቡታል፣ በአንድ ቀጥታ መስመር ከላይ እስከ ታች ከሳቡት ወሬው ምስክር አገኘ ማለት ነው። የቴሌቪዥኑ መስቀያ ስታንድ በሚሸፍነው ቦታ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ ከፍቶ ብረት ሲነካ ግን አየ ይባላል። ብዙ ውድቀት የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን የሰሙትን እንዳዩት አድርጎ ከመናገር ነው፤ ሰቃዩ «ይይዛል» ሲል ከሦስቱ በየትኛው ዕውቀት እንደተናገረ ባለቤቱ አይጠይቀውም፤ ቢጠይቀው ምናልባት እንደ ስድብ ይቆጠርበታል፤ በዳጉ ግን ጥያቄው ራሱ ሰላምታ ነው።

በእስልምና ትምህርት ተወኩል የሚባለው፣ ማለትም ነገርን ለአላህ ሰጥቶ በእርሱ መመካት፣ ከዚህ ጥንቃቄ ጋር ይጣላል ወይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ በሚገኝ የታወቀ ዘገባ፣ ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቆ ይመካ እንደሆነ አንድ ሰው ነቢዩ ሙሐመድን ሲጠይቅ፣ መልሱ ማሰሩን ያስቀደመና መመካቱን ያስከተለ ነበር። ለአፋር ሰው የግመሉ ምሳሌ ማብራሪያ አያሻውም። ነገሩን እስከ ሥሩ የመረመረው ግን በ1111 እ.ኤ.አ. የሞተው አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ ነው። «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ስለ ተወኩል በጻፈው ክፍል ሰበቦችን፣ ማለትም አንድን ውጤት የሚያስገኙ ምክንያቶችን፣ በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ አንዱ የተረጋገጠ፣ ሁለተኛው የሚገመት፣ ሦስተኛው የምናብ ነው። የተረጋገጠውን መተው፣ ለምሳሌ የቀረበ ምግብ ፊቱ እያለ እጁን ሳይዘረጋ ጥጋብን መጠበቅ፣ ለእርሱ ተወኩል ሳይሆን እብደት ነው፤ በሚገመተው ላይ ልክን ማወቅ ይገባል፤ የምናቡን መከተል ግን ከተወኩል የሚያወጣ ነው። ራስን ከጉዳት ስለ መጠበቅ ሲናገርም አራዊት በሚበዙበት ምድር፣ በሸለቆ ውስጥ ጎርፍ በሚወርድበት መንገድ ላይ፣ ባዘነበለ ግድግዳ ወይም በተሰበረ ጣሪያ ሥር መተኛትን የተከለከለ ያደርገዋል። ክረምት በደጋ ሲጠና የአዋሽ ወንዝ ከዳርቻው የሚወጣበት ሸለቆ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያነብ አገሩን የሚያውቅ ሰው የጻፈለት ሊመስለው ይችላል።

የገዛሊ ሦስት ደረጃዎች በጂፕሰም ግድግዳ ላይ ሲዘረጉ ከተጠበቀው በላይ ይገጥማሉ። ብሎኑ በቦርዱ አልፎ በብረቱ ቋሚ ላይ ሲነክስ፣ ወይም ቦርዱ ከመለበዱ በፊት በሁለት ቋሚዎች መካከል በተጋደመ ወፍራም ጣውላ ላይ ሲቆም፣ ሰበቡ የተረጋገጠ ነው። ቋሚው ከሚፈለገው ቦታ ርቆ ሲገኝ ከቦርዱ ኋላ ክንፉን ከፍቶ የሚያዝ ብሎን አለ፤ ሸክሙን በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በክንፉ ስፋት ልክ ስለሚያሳርፍ ለቀላል ስክሪን ሊበቃ ይችላል፤ ይህ የሚገመት ሰበብ ነው፣ ግምቱም የቦርዱን ውፍረት፣ የብሎኖቹን ብዛትና ጂፕሰሙ ደረቅ መሆኑን ይጠይቃል። ለብሎኬት የተሠራውን ፊሸር በጂፕሰም ውስጥ ሸጉጦ «እግዚአብሔር ያውቃል» ወይም «ኢንሻአላህ» ማለት ግን ሦስተኛው ደረጃ ነው። ቅዱሱ ቃል ለተረጋገጠው ሥራ ማኅተም መሆኑ ቀርቶ ያልተሠራውን መሸፈኛ ሆኗልና፣ ነውሩ ከሙያ ነውርነት ያልፋል። በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍባቸው ወራት ኤሲ ያለማቋረጥ ሲሠራ የሚያንጠባጥበው ውሃ በግድግዳው ውስጥ መንገድ ካገኘ፣ ትናንት የሚገመት የነበረው ሰበብ ማንም ሳያየው ወደ ምናብ ሊወርድ ይችላል፤ ገዛሊ ደረጃዎቹን ሲሠራ ሰበብ ራሱ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሊወርድ እንደሚችል ማሰቡን ለአንባቢው ትቶታል።

ቁጥሩም ቢሆን ከሥነ ምግባር አይርቅም። አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን ስክሪን ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቢሰቀልና የክብደቱ ማዕከል ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ በላይኛውና በታችኛው ብሎን መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ካለ የላይኛው ብሎን ወደ ውጭ የሚሳበው በ4 ኪሎ ገደማ ክብደት ነው፤ ያው ስክሪን በሚዘረጋ ክንድ ላይ ሆኖ 50 ሳንቲ ሜትር ወደ ክፍሉ ሲወጣ ግን ስበቱ 37.5 ኪሎ ይደርሳል። ዕቃው አልከበደም፤ የራቀው ከሚይዘው ነገር ነው። መሐንዲሶች በዚህ ስሌት ላይ ደግሞ የደኅንነት ብዜት የሚሉትን ይጨምራሉ፤ ይህም የተሰላውን ሸክም በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት አባዝቶ ለዚያ መሥራት ነው፣ ምክንያቱም ሕፃን ሊንጠለጠልበት፣ ቦርዱ ከፋብሪካው ስስ ሆኖ ሊወጣ፣ ሠራተኛው ሲደክመው ብሎኑን አጣሞ ሊያስገባ ይችላል። ይህ ብዜት ድንቁርና በቁጥር የተጻፈበት ብቸኛው ቦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሃይማኖት መጻሕፍት ትሕትና የሚሉትን መሐንዲሱ «በአራት አባዛ» ይለዋል፤ ከሁለቱ የቱ ይበልጥ ቅን እንደሆነ ለመፍረድ ያስቸግራል፤ የመሐንዲሱ ትሕትና ቢያንስ በሚዛን ሊፈተን ይችላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ መሬቱ ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ ያሰበ ነው። በአፋር ግን የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ የመሬት ቅርፊቶች እርስ በርስ እየተራራቁ ናቸው። በ1961 ዓ.ም. ከሰመራ ብዙ በማይርቀው ሰርዶ መንደሩን ያፈረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቷል፤ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮም በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ለወራት ሳያቋርጥ የተከታተለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ በታኅሣሥ በዶፈን ተራራ አጠገብ መሬት ተከፍቶ እንፋሎት ተፍቶ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቀየው አስነሥቶ፣ በየካቲት መጠኑ 6.0 የደረሰ ርዕደ መሬት አስከትሏል። መሬት ወደ ጎን ሲናጥ የተንጠለጠለ ዕቃ በክብደቱ ላይ የሚጨመር ስበት በየአቅጣጫው ያገኛል፤ ለዝምታ የተሰላ ብሎን ለዚህ አልተሰላም። ቁርኣን በ78ኛው ሱራ ምድርን ምንጣፍ፣ ተራሮችን ደግሞ አውታድ ይላቸዋል፤ አውታድ የድንኳን ካስማዎች ሲሆኑ፣ የነጠላው ስም ወተድ ኢሳይያስ ለችንካሩ ከተጠቀመበት ያቴድ ጋር አንድ ቃል ነው ማለት ይቻላል። ተራራ ራሱ በሚንቀሳቀስበት አገር ይህን አንቀጽ የሚያነብ ሰው ሊደናገር ቢችልም፣ ካስማ ድንኳንን የሚያቆመው እንዳይወዛወዝ አድርጎ ሳይሆን እየተወዛወዘ እንዳይወሰድ አድርጎ መሆኑን ሲያስብ ምሳሌው ሌላ ገጽ ያሳየዋል።

የአፋር ሴቶች የሚሠሩት ዳቦይታ የተባለው ቤት ይህን ገጽ በእጅ የሚዳሰስ ያደርገዋል። የታጠፉ እንጨቶች ጉልላት ሠርተው በገመድ ይታሰራሉ፣ በዘንባባ ሰሌን ይሸፈናሉ፣ ሲነሡም ተፈትተው በግመል ይጫናሉ። በዳቦይታ ውስጥ የተሸነቆረ ነገር የለም፤ ሁሉም የተቋጠረ ነው፤ መሬት ሲናጥ ቤቱ አብሮ ይናጣል፣ ቢወድቅም በሰው ላይ የሚወድቀው ሰሌንና ዘንግ ነው። ይህን እንደ ናፍቆት አድርጎ ማቅረብ ግን ስሕተት ነው፤ የሰመራ ነዋሪ ስክሪኑን ከዳቦይታ ቅስት ላይ ሊያንጠለጥል አይችልም፣ አይፈልግምም። ዳቦይታው የሚያስተምረው ቋጠሮና ችንካር ሁለት የተለያዩ የመታመን ዓይነቶች መሆናቸውን ነው፤ ችንካር ስፍራው እንደማይለወጥ ያምናል፣ ቋጠሮ ግን እንደሚለወጥ አውቆ ያምናል። በርዕደ መሬት ቀበሌ የሚሠራ ጠንቃቃ ሰው ሁለቱን ሲያጣምር ይታያል፤ ብሎኑን በቋሚው ላይ ካስነከሰ በኋላ ስክሪኑ ከስታንዱ ቢወጣ እንኳ ወለል እንዳይደርስ የሚይዝ ማሰሪያ ይጨምርበታል፤ ከሥሩም የሕፃን አልጋ አያኖርም።

ቢወድቅስ ማን ይጠየቃል? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይመጣ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ በደሉ የሚቆጠረው ከመውደቁ በፊት፣ መከታው ሳይሠራ በቀረበት ቀን ነው። በእስልምና ሕግ የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት «ያዘነበለው ግድግዳ» ብለው በሚከራከሩበት ርእስ ሥር ባለቤቱ ተጠያቂ የሚሆነው ግድግዳው ማዘንበሉ በምስክር ፊት ተነግሮት፣ ለማፍረስ የሚበቃ ጊዜም አግኝቶ ቸል ካለ ነው፤ እዚህ ጥፋት ያለ ዕውቀት የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ግን ከሁለቱም ጠንክሮ፣ ሕንፃ ያደረሰው ጉዳት አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ሐነፊው ነፍስን ይመረምራል፣ ሕጉ ሸክሙ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስሉም የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው፣ አንዱ ማን በደለ ሲል ሌላው ማን ይሸከም ይላልና። መድዓ በተባለው የአፋር ባህላዊ ሕግ መሠረት በመብሎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ የሚፈረደው ካሳ ደግሞ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አያርፍም፤ ጎሳው ይካፈለዋል። ይህ ካሳ በአንድ ብሎን ላይ ያልተሰቀለ ካሳ ነው፤ ከቋሚ እስከ ቋሚ በተጋደመ ብረት ላይ ክብደትን እንደ መዘርጋት ያለ ነው። ኢሳይያስ የአንድ ቤተ ሰብን ዕቃ ሁሉ በአንድ ሹም ላይ ሰቅሎ መውደቁን ሲያሳይ፣ መብሎ በተቃራኒው የአንዱን ውድቀት በብዙዎች ላይ ይሰቅላል፤ በዚህ ረገድ የአርብቶ አደሩ ሸንጎ የመዋቅር ምሕንድስናን ከብዙ የከተማ ሕጎች ቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

ከሁሉ የሚከብደው አደራ ግን ዳኛም ሸንጎም የማይደርስበት ነው። ስክሪኑ በአንድ ወቅት ይወርዳል፤ ተከራይ ይለወጣል፣ ቀዳዳዎቹ በስቱኮ ይደፈናሉ፣ ቀለም ይቀባል፣ ግድግዳውም እንደ ገና ውስጡን ለቄስ ይሆናል። ጥንቁቅ የሆነ ሠራተኛ ቦርዱን ከመለበዱ በፊት ጣውላው ከወለሉ በስንት ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከበሩም በስንት ርቀት እንደተጋደመ በእርሳስ በቦርዱ ጀርባ ላይ ይጽፋል፣ ያንኑም በቆጣሪ ሳጥኑ መክደኛ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይደግመዋል። በጀርባ የተጻፈውን ግድግዳው ካልፈረሰ በቀር ማንም አያየውም። በመክደኛው ላይ ያለውን ግን ከዓመታት በኋላ ጸሓፊውን የማያውቅ ሌላ ሰቃይ ሊያገኘው ይችላል፤ እርሱም አንብቦ ሲያበቃ፣ ጽሑፉን ተማምኖ ይሰረስር ወይስ መጀመሪያ በጣቱ ያንኳኳ ብሎ ድሪሉን እንደያዘ ከግድግዳው ፊት ይቆማል።